ያላቀበልኩት ቃል

ሥራ የገባሁ ዕለት አዘጋጁ ጋሽ ታደሰ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አቧራው መሃል ወንበር ሰጡኝ። «ከድጃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የለሽም» አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ ሥራዬን ማስረዳታቸው ነው። ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት በሹክሹክታ አቀብለዋለሁ፤ እሱ ይሰማኛል፣ ተመልካቹ አይሰማኝም። ተመልካቹ ከሰማኝ ሥራዬን አላወቅሁበትም ማለት ነው።

ባልደረቦቼ «ቃል አቀባይ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የምሠራ ይመስል! ደሴ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የቴአትር ቡድን በዚሁ ስም እየተጠራሁ አረጀሁ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። አይደለም። ዝም ያለ ተዋናይ ሁሉ ቃል ጠፍቶበት አይደለም፤ አውቆ ዝም የሚል አለ። ለዚያኛው ብታቀብሉት ከመድረክ ሲወርድ ያንቃችኋል። ጋሽ ታደሰ «ፊቱን አትዪ፣ ፊት ይዋሻል፤ እግሩን እዪ» ብለው አስተማሩኝ። ቃል የጠፋበት ሰው እግሩ አይረጋም፤ ወደፊት ወደኋላ ይላል። እግሩ ከተተከለ አትንኩት። ስታቀብሉም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ነው፣ ያውም ትንፋሽ ሲስብ።

ዘሀራና ሰይድ የቡድናችን ተዋንያን፣ ባልና ሚስትም ነበሩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ሰይድ ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር መድረክ አያስወጣትም፤ እሷ ካለችበት ባል ሆኖ የሚተውነው እሱ ብቻ ነው። በልምምድ ዕረፍት ከእኛ ጋር ሻይ ስትጠጣ እንኳ ዓይኑ ከእሷ አይነሳም። ክንዷ በልዞ ባየሁ ቁጥር «በር መትቶኝ ነው» ትለኛለች። ያረቢ! የዚያ ቤት በር ስንት እጅ አለው?

አንድ ቀን የመድረክ ልብሷን እያጠበብኩላት «ፍታኝ ስለው፣ ‹ከቤቴ የምትወጪው ሬሳ ሆነሽ ነው› ይለኛል» አለችኝ።

ያን ሰሞን የምንለማመደው አንድ የድሮ ተውኔት ነበር። ባላባት ባሏ እንደ ዕቃ የሚቆጥራት ሴት በመጨረሻው ገቢር ፊት ለፊቱ ቆማ «እኔ ሰው ነኝ» ትለዋለች። እሱም በንቀት «ፈትቼሻለሁ» ይላታል። ትወጣለች፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ ተመልካቹ ያለቅሳል። ዘሀራ አንብባ ስትጨርስ ሳቀች።

«ከድዬ፣ እዚህም እሱ ካላለ አልወጣም ማለት ነው?»

እውነቷን ነው። ደራሲው ሴትየዋን ነፃ አወጣሁ ብሎ መውጫዋን ባሏ አፍ ውስጥ ትቶታል። ያንን ተውኔት ስንት ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ይዤው ተቀምጫለሁ፤ አንድም ቀን ታይቶኝ አያውቅም።

ሰይድ ግን «ፈትቼሻለሁ» የምትለዋን ቃል አልልም አለ። «ጋሼ፣ ፍቺ በቀልድም ቢሉት ይወድቃል፤ የእውነት ይጸናል። ሚስቴ ናት እኮ!» ጋሽ ታደሰ ተበሳጩ፤ የሃይማኖት ነገር ስለሆነ ግን አልተከራከሩም። ቃሉን ሰረዙና «ከቤቴ ውጪልኝ» በሚል ተኩት።

እሑድ ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርደን አሳየን። አዳራሹ ሴት በሴት ነበር፤ ብዙዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ዘሀራ «እኔ ሰው ነኝ» ስትል ድምፅዋ የልምምዱ ድምፅ አልነበረም። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አንዷማ «እሰይ! ደግ አደረግሽ!» ብላ ጮኸች።

ሰይድ ዝም አለ። እግሩን አየሁ። ተተክሏል። አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ከዚያ «ፈትቼሻለሁ!» አለ። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

ዘሀራ ትንሽ አየችው። ወደ ተመልካቹ ዞረችና «ሰማችሁ አይደል?» አለች። ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ሕዝቡ ተውኔት መስሎት «ሰምተናል!» እያለ አጨበጨበ። በመድረኩ ደረጃ ወረደች፤ በሰዉ መሃል አልፋ፣ የተውኔቱን ልብስ እንደለበሰች በዋናው በር ወጣች።

ቦሩ ሜዳ እናቷ ቤት ገባች። ሰይድ «አልፈታኋትም» ስላለ ሽማግሌዎች እዚያው ተቀመጡ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። ነገሩን የያዙት ሸኽ ረጋ ያሉ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ። «ከራሱ አውጥቶ ተናግሮት ከሆነ ወድቋል» አሉ። «የሰጡትን ቃል አስተጋብቶ ከሆነ ግን የሌላ ሰው ወሬ ነው፤ አልወደቀም።»

ሰይድ ፈጠን አለ። «ወላሂ ቃል ጠፍቶኝ ነበር! የተሰረዘውን ቃል ያቀበለችኝ ከድጃ ናት።»

«ወላሂ አላቀበልኩትም፣ አባባ! እግሩ ተተክሎ ነበር» አልኩ።

«እግሩን ምን አመጣው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ። ስለ እግር አስረዳሁ፤ ባላስረዳ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት አዳራሽ ውስጥ በስልክ የቀረጸችው ቪዲዮ ተከፈተ። የዘሀራ ቃል፣ እልልታው፣ ዝምታው፣ የሰይድ ጩኸት፣ ሁሉም አለ።

«ይኸው! የእኔ ድምፅ የለም!» አልኩ።

ሸኹ በሐዘኔታ አዩኝ። «ልጄ፣ ብታቀብዪውስ መች ይሰማል? ሥራሽ እኮ እሱ ነው» አሉ።

አለመሰማት፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተመሰገንኩበት ነገር ነው።

ሰይድ ማለ፤ ፍቺው አልወደቀም ተባለ። ዘሀራ ወደ ባሏ እንድትመለስ ተነገራት። አልተመለሰችም። ፍርድ ቤት ልትሄድ ስትነሳ ወንድሞቿ «ሽማግሌ የጨረሰውን ብትከሺ እህታችን አይደለሽም» አሏት። እሱ ሌላ አግብቶ ወለደ፤ እሷን ግን ዛሬም «ሚስቴ ናት» ይላል። መድረክ ላይ ዳግመኛ አላየኋትም።

በቅርቡ ሚኒባስ ይዤ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። ሆስፒታሉ አጠገብ ሻይ እያፈላች ትሸጣለች። ስንሰነባበት እጄን አልለቅ አለች።

«ከድዬ፣ አሁን ሰው የለም። እውነቱን ንገሪኝ። ለእኔ ብለሽ አቀብለሽው ነበር?»

እሷም! ያን ሁሉ ዓመት እሷም አላመነችኝም።

«ወላሂ አላቀበልኩትም። ከራሱ አፍ የወጣ ነው» አልኳት።

እጄን ለቀቀችው። «እንግዲያ ፈት ነኝ» አለች፣ «ሰው አይወቀው እንጂ።» ብርጭቆዎቿን ወደ ማጠብ ተመለሰች። እስከ ደሴ እያለቀስኩ መጣሁ።

አሁን ወንበሬ ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ሥራውን ሳስረክባት የነገርኳትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ። ቃል ስታቀብሉ ማንም አይስማችሁ። ዝም ስትሉ ግን አጠገባችሁ የሚመሰክር ሰው ይኑር።