ባዳው ሐኪም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ እየለቃቀምኩ እናዘዛለሁ። ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ እላለሁ። እሳቸው ቀኖና ይሰጡኛል፣ እኔም እሰግዳለሁ። ትልቁን ግን ይዤው እገባለሁ፣ ይዤው እወጣለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን ተረት በሽተኞቼን ስገሥጽበት ነው የኖርኩት።

እኔ የትል ሐኪም ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያውቁኝ በዚህ ስም ነው፣ ቅርም አይለኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሰው ደምና አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ትሎችን ስመረምር ነው። ተማሪዎቼ ለምን ይህን ሙያ እንደመረጥኩ ሲጠይቁኝ ስለ ድሃው ገበሬና ስለ ተረሱ በሽታዎች የማደርገው የሚያምር ንግግር አለኝ። ውሸት ነው። ሙያውን የመረጥኩት የአባቴ እግር ውስጥ ትል እንዲገኝልኝ ነው።

አባቴ ዝሆኔ ነበረበት። ከአምበር ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ሁለት እግሮቹ ከጉልበት በታች አብጠው፣ ጣቶቹ በእብጠቱ ተውጠው ነው የማውቀው። ክረምት ሲመጣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ማኅበር ላይ ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ እሱም እንዳላየ ሆኖ ጠላውን ይጠጣል። አገሩ ለዚህ በሽታ የሚያውቀው ምክንያት አንድ ነው፤ ከአጥንት ነው፣ ከዘር ነው። እኔ ደግሞ የእሱ አጥንት ነበርኩ። ትል ቢሆን ግን ዘር አይቆጥርም፤ ማንንም ይይዛል፣ መድኃኒት ይገድለዋል፣ የሰውም ስም ይነጻል። ይህን እያሰብኩ ነው የተማርኩት።

ትምህርት ቤት ስገባ ልጆች እንዳይስቁብኝ ብሎ ኮንጎ ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። የእሱን እግር የሚይዝ ጫማ አልነበረምና ሊገዛልኝ የሄደው በባዶ እግሩ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ጫማ አፈር ረግጬ አላውቅም። እግሬ እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው።

ሐኪም ሆኜ፣ በመተማ ቆላ ብዙ ከሠራሁ በኋላ፣ ከአማኑኤል ከተማ ማዶ ባለ አንድ ቀበሌ የዝሆኔን መነሻ ላጠና ሄድኩ። እግር የሚያሳብጠው ትል በደም ውስጥ የሚታየው ሌሊት ነውና ሰዉን ከእንቅልፉ እየቀሰቀስን ደም ወሰድን። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ፈለግሁት። አልነበረም። በእኛ ደጋ ያ ትል የለም፤ በሽታው የሚመጣው ቀዩን አፈር ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ከመርገጥ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ይበልጥ ይጠቃል፤ እሱም ቢሆን ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ይተርፋል። ሌሎች ሐኪሞች ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ትሌን የሙጥኝ ብዬ የቀረሁ እኔ ነበርኩ።

በዚያ ቀበሌ ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ ባለዝሆኔ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ደጊቱ ለአያ ስማቸው ልጅ ታጭታለች። አያ ስማቸው የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጅቱን ጠባይ ወደውት፣ የእናቷን እግር ፈርተውት፣ ነገሩን የሐኪሙ ምርመራ እስኪያልቅ አቆይተውታል። ወይዘሮ ይታይሽ ደም ስወስድላቸው እጄን ይዘው፣ «ዶክተር፣ የልጄ ነገር እንግዲህ በእርስዎ አፍ ነው» ብለውኛል። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። አውቃለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሲሰበሰብ ውጤቱን ነገርኩት። ትል የለም፣ አፈሩ ነው፣ መድኃኒቱ ጫማና ውኃ ነው አልኩ። ደጊቱ እናቷን ደግፋ ቆማ ትሰማለች፤ እግሯ ላይ ሸራ ጫማ አለ። አያ ስማቸው ብድግ አሉ።

«ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ደክመውልናል። እንደው አንድ ነገር ይንገሩን። ከእንዲህ ያለ በሽተኛ ተወልዶ፣ ጫማ አድርጎ የቀረለት፣ በዓይንዎ ያዩት ሰው አለ?»

ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዱ የቀበሌው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ የእጮኛዬ አጎት ነበር። የእኔም ጋብቻ በዚያው ሰሞን ነው። ቤተሰቦቿ ሰባት ቤት ቆጥረው ጨርሰዋል፤ ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ ቁርጥማት አለበት ብያቸዋለሁ። አያ ስማቸው የጠየቁት ሰው ደግሞ እፊታቸው ቆሟል፤ ጫማውን ወልውሎ፣ ከረባት አስሮ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ «እኔ» ማለት።

«በዓይኔ እንኳ ያየሁት የለም» አልኩ። ይህ አልበቃኝም፤ «ዘርም የራሱ ድርሻ አለው» ብዬ ጨመርኩበት። ሁለተኛው ቃል ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን ውሸት ነው፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ። በየማለዳው ፊቴን በመስተዋት እያየሁ፣ አላየሁም አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማን ቢላ ደቀነብኝ? ጴጥሮስን እንኳ ዶሮ ጮኾ አስታውሶታል፤ እኔ ምሳዬን በልቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ደጊቱ አላለቀሰችም። የእናቷን ነጠላ አስተካክላ ይዛት ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በዚያው ሳምንት እጮኝነቱ ፈረሰ። ልጁም ሌላ አገባ።

እኔም አገባሁ። አባቴ፣ «እኔ ባልመጣ ይሻላል ልጄ፣ ቁርጥማቱ ጠንቶበታል በላቸው» አለኝ። ይህን ያለው «የለም፣ ትመጣለህ» እንድለው ነበር። እሺ አልኩት። ባለቤቴ ቆይታ መንደራችንን ስታይ፣ እግሩንም ስታይ፣ «ለዚህ ነው እንዴ የደበቅኸኝ?» ብላ ውኃ አሙቃ አጠበችው። የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችንን አቅፌ አባቴ ጉልበት ላይ ላስቀምጠው ስል ግን ወደ ኋላ ሸሸ። «እዚያ መደቡ ላይ፣ እዚያ አስቀምጠው!» አለኝ። ጎረቤቱ ከአማኑኤል ማዶ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ወሬ ይዞለት መጥቷል፤ አንድ ትልቅ ሐኪም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከዝሆኔ ተወልዶ የተረፈ አላየሁም ብሏል፣ ከአጥንት ነው ብሏል። አባቴ ይህን ለራሱ ተርጉሞ፣ የእሱ ገላ የነካው ልጅ ሁሉ ይጠፋል ብሎ አምኗል።

«ውሸት ነው አባዬ፤ አይተላለፍም። የእኔን እግር አታየውም?» አልኩት።

«ያንተ ገና ይሆናል። አንተማ ልጄ ነህ፣ ሆዴ እንዳይባባ ብለህ ነው። ያ ሐኪም ግን ባዳ ነው። ባዳ ለምን ብሎ ይዋሻል?»

ምን ልበል? አንድ ነገር ነበረ የምለው፤ ያ ባዳ እኔ ነኝ። ይህን ብነግረው ያምነኝ ነበር፣ ልጁንም ያቅፈው ነበር። ግን በሰው ፊት እንደካድኩት ያውቅብኛል። ስለዚህ እንደካድኩት ከሚያውቅ፣ የገዛ አጥንቱን ቢረግም ይሻላል አልኩ። በዚያ ቀን ብቻም አይደለም፤ በሄድኩ ቁጥር አልኩ። ልጄ መዳህ ሲጀምር ወደ እሱ ይሄዳል፤ አባቴ ጋቢውን እግሩ ላይ እየጎተተ፣ «ውሰዱልኝ!» እያለ ይጮኻል፣ ሕፃኑም ደንግጦ ያለቅሳል። ሲወስዱለት ከማዶ ሆኖ እያጨበጨበ ያጫውተዋል። የልጅ ልጁን አንድ ቀን እንኳ ሳያቅፍ ሞተ።

ደጊቱን አሁንም አያታለሁ። ደብረ ማርቆስ የእግር በሽተኞችን በማይበት ቀን እናቷን ይዛ ትመጣለች። ሌላ ጠያቂ አልመጣላትም፤ ሐኪም የመሰከረበትን ቤት ማን ደፍሮ ያንኳኳል? እናቷ በሳሙናና በቅባቱ ተሽሏቸዋል፣ በልካቸው ጫማም ተሰፍቶላቸዋል። የእሷ እግር ንጹሕ ነው። ባለፈው ስትሰናበተኝ፣ «ዶክተር፣ ዕድሜ ይስጥዎ። እናቴ ዛሬ በእግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች» ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኩ። እንዲህ ነኝ እኔ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው አልልም፤ ደጊቱ ከእኔ ይልቅ ወጣት ነበረች። አያ ስማቸው በሕይወት አሉ ይባላል። ጥያቄያቸው ሳይመለስ ቆይቷልና ልመልስ። አዎ፣ በዓይኔ ያየሁት ሰው አለ። አባቱ ዝሆኔ ነበረበት፤ በባዶ እግሩ ገበያ ሄዶ ጫማ ገዛለት፣ ልጁም ዳነ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

በወረቀት ላይ ይኸው አልኩት። በዚያ አጥር ሥር ቆሜ ግን እስከ ዛሬ አላልኩትም።