እሳት የሌለው ጋያ

አዴን ከማየቴ በፊት ጋያቸውን ሰማሁ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ባሌ በመንገድ ሥራ ተቀጥሮ ሱሉልታ በገባን በመጀመሪያው ማለዳ ከአጥሩ ማዶ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ መጣ። ብቅ ብዬ ሳይ አንዲት አሮጊት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ ውኃ በያዘ ቅል ላይ የተሰካውን ሸምበቆ ይስባሉ። ከላይ በሸክላው ላይ ትምባሆው ይጤሳል። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ሴት ስታጨስ አይቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ስቀር እሳቸው ሸምበቆውን ሳይለቁ ሳቁብኝ።

አዴ በሰፈሩ ኦሮምኛ ትልቅ ሴት የሚጠሩበት ነው። እሳቸው ደግሞ እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። በክረምት፣ ባሌ ከጫንጮ ማዶ ሥራ ላይ ሳለ፣ ምጥ ሲይዘኝ ጭቃውን እየረገጡ የደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። ሴት ልጄን በእጃቸው ተቀበሏት። «የክርስትና እናቷ አንቱ ነዎት» ብላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ።

የንስሐ አባታችን ግን አልተስማሙም። «ጋያ እየሳቡ ታቦት ፊት ልጅ ማቀፍ የለም። ካልተዉ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ሰው በእርጅናው እንዲህ ይፈተናል ወይ ብዬ ተናደድኩ። አዴ ግን ስነግራቸው የቀራቸውን ትምባሆ ጓሮ ወስደው ከፍጉ ጋር ቀላቀሉት።

ከዚያ በኋላ ያለው መከራ ነው። እህል ከቀመሱ በኋላ ያለችው ሰዓት ትብስባቸዋለች። እጃቸው ሳያዙት ወደ ቅሉ ሲሄድ ተነሥተው ግቢውን ይጠርጋሉ፤ የጠረጉትን መልሰው ይጠርጋሉ። ዶሮዎቻቸውን ይሰድባሉ፣ እኔንም አይምሩኝም። እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ብዬ እንዝርት ብሰጣቸው ፈትሉን ሁሉ ቋጠሮ አደረጉት። ጉንጫቸው ከገብስ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን አንጀቴን ቢበሉኝ፣ «ትንሽ ቢስቡ ማን ያያል?» አልኳቸው።

«ልጅቱን የማቅፍ እኔ አይደለሁ?» አሉኝ ተቆጥተው። «እኔ አያለሁ!»

እኔ እስከ ዛሬ ጠንካራ ሰው ሲባል ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ክርስትናው ሲቃረብ አባ ጸበል ሊረጩልን መጡ። ገና አረፍ ከማለታቸው ከአጥሩ ማዶ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ክው አልኩ። አባ አንዴ እኔን፣ አንዴ አጥሩን አይተው መስቀላቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። ልጄን ታቅፌ ተከተልኳቸው።

አዴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሸምበቆውን ይስባሉ።

«ይኼ ነው የተዉት?» አሉ አባ።

አዴ አልደነገጡም። ጋያውን አነሥተው ዘረጉላቸው። «አባ፣ ይሳቡት።»

«እኔ?»

«ኤዬ፣ አንቱ።»

አባ ግራ ቀኙን አዩ። መንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ሸክላው ታጥቦ ጸድቷል፤ እሳትም አመድም የለበትም። ጢማቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ሳቡ፤ አሳሳቡን አያውቁበትምና ውኃው ሽቅብ አፋቸው ገባ። ሳል ያዛቸው። እኔ ሳቄን በልጄ መጠቅለያ ደበቅኩ።

«ውኃ ነው» አሉ አባ፣ ሳሉ ሲለቃቸው።

«ውኃ ነው። ትምባሆውን ትቻለሁ። ድምፁን መተው ግን ዛሬ አቃተኝ። ብቻዬን ነኝ፤ ሲመሽ የሚያጫውተኝ እሱ ነበር።»

ሳቄ ጠፋ። አባም ጢማቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጋያውን ቀስ ብለው መለሱላቸውና፣ «ድምፅ አያረክስም» አሉ።

በክርስትናው ዕለት አዴ አዲስ ነጠላ ለብሰው ልጄን ታቅፈው ቆሙ። እንደ ደንቡ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩ። አባ በልጅቱ ፈንታ «ሰይጣንን ክጃለሁ» እንዲሉ አዘዟቸው።

«ሰይጣንን ክጃለሁ!» አሉ አዴ፤ ድምፃቸው ውጭ ድረስ ተሰማ። ቀጥለውም ማንም ሳያዛቸው፣ «ጋያንም!» አሉ።

አባን እንደገና ሳል ያዛቸው።