ድስቱን የሳተ ሳህን

ባየሽ የተወለደችው ከሳንጃ ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ሞተችና ታናናሾቿን ለመያዝ ትምህርቷን ተወች። ተመልሼ እገባለሁ ስትል ተዳረች። ባሏ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ሲወርድ አብራው ወረደች፤ እሱን ወባ ገደለው፣ እሷ እዚያው ቀረች። ለምን እንደቀረች ሰው ሲጠይቃት «የት ልሂድ» ትላለች እንጂ ሌላ ምክንያት የላትም። ከኮኪት እስከ ገለጉ ባሉት እርሻዎች ለቀን ሠራተኞች ስታበስል ወጣትነቷ አለቀ።

በደርግ ዘመን፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ለሰሊጥ አጨዳ በዘመቱበት ዓመት፣ ከመተማ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ሰፈር ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። መመገቢያው ከማሽላ አገዳ የተሠራ ሰፊ ዳስ ነበር። ተማሪዎቹ ዳሱን «ካፌ» አሉት። ባየሽ መጀመሪያ የሚያሾፉባት መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን በየግቢያቸው የሚበሉበትን አዳራሽ እንደዚያ እንደሚሉት ገባት፤ እሷም ካፌ ማለት ለመደች።

የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ዛሬ ካላጨዱት ነገ አፉን ይከፍታል፣ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልጆቹ እንደ ልባቸው ተቀምጠው አይበሉም ነበር። አንዱ ቆሞ ይጎርሳል፤ ሌላው እንጀራውን በወጥ ጠቅልሎ እየሮጠ ይሄዳል፤ ሌላው አግዳሚው ላይ ሳህኑን አቅፎ ይተኛል። ሰልፉ ሲረዝም ሳህናቸውን መሬት ላይ በተርታ ደርድረው እነሱ ጥላ ሥር ይጋደማሉ። የሳህን ሰልፍ ባየሽ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። ከሁሉም የሚበዛው ግን አንዱ ለጓደኞቹ ሳህን ተሸክሞ መምጣቱ ነበር። እንዳይለዋወጥ ሁሉም ስሙን በምስማር ሳህኑ ጠርዝ ላይ ጭሮታል።

ሽሮና ምስር በሚሠራበት ቀን ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። ሥጋ በሚታረድበት ቀን ድስቱ ሁለት ይሆናል፤ የክርስቲያኑን ባየሽ ትይዛለች፣ የእስላሙን ዘሊካ የምትባል የመተማ ሴት። የሰፈሩ ኃላፊ ጓድ አዱኛ በስብሰባ ተነሥቶ ድስቱ አንድ እንዲሆን አዝዞ ነበር። ማንም አልተቃወመውም፣ ማንም አልበላም። ሰንብቶ ድስቱ ሁለት ሆነ፤ ነገሩም እንደገና አልተነሣም።

አንድ ቀን ከጎረቤት ሰፈር ተማሪዎች ድንበሩን አቋርጠው ሱዳን መግባታቸው ተሰማ። ጓድ አዱኛ ያን ዕለት ከባየሽ ምድጃ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰውየው ሳይታይ ሳህኑ አይሞላም» አላት።

«ጓድ፣ ልጆቹ ማሳ ላይ ናቸው እኮ። ሁሉም ይምጣ ካሉ ማን ያጭዳል?»

አዱኛ አሰበ። ሰሊጡ ቢረግፍም ጠያቂ አለበት።

«እንግዲያው የምታውቂውን ሰው ሳህን ብቻ ሙዪ። ሰው ጠፍቶ ሳህኑ ከተሞላ ግን የምትታሰሪው አንቺ ነሽ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለችና ድስቷን አማሰለች።

በማግሥቱ ሽሮ ነበር። ዋሴ የሚባል የጎጃም ልጅ እንደ ልማዱ የጓደኞቹን ሳህን ደራርቦ መጣ፤ ሞላችለት። ከመካከላቸው ጀይሉ የተባለ ረጅም የወሎ ልጅ ነበረ፤ ዝምተኛ፣ ሲበላ ቀና የማይል። ወንድሙ ታስሯል ይባላል። ሳህኑ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ባለው ቀን ለክርስቲያኑ በሬ፣ ለእስላሙ ፍየል ታረደ። ቀትር ላይ ካፌው ጢም አለ። አዱኛ ከባየሽ ድስት አጠገብ ቆሞ አጥንት ይግጣል። ዋሴ ላቡን እየጠረገ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ዘረጋላት። እሷም ሳታይ ቀዳች፣ ቀዳች፤ ጭልፋውን አራተኛው ላይ ልትገለብጥ ስትል ጠርዙ ላይ ያለው ስም ዓይኗ ገባ።

«እንዴ፣ ይኼ የጀይሉ አይደለም? የኔ ድስት እኮ የበሬው ነው።»

ይህን ያለችው ሌላ ቀን የተሳሳተ ሳህን ስትመልስ እንደምትለው ነው። ዋሴ ግን ከንፈሩ ነጣ። አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚተኛ ልጅ የጓደኛውን ሃይማኖት አይረሳም። የረሳው ጀይሉ ከሰፈሩ ስለሌለ ያንን ሥጋ እንደማይበላው አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ባየሽ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባት፤ ጭልፋው ከነመረቁ እጇ ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው?» አለ አዱኛ።

«ምንም። ልጁ ድስት ተሳሳተ።»

«የማነው ሳህኑ?»

«የጀይሉ ነው።»

«ጀይሉ የታለ?»

ባየሽ መረቁን ወደ ድስቱ መለሰችው። አውቃ አልዋሸችም ለማለት ያስቸግራል፤ አስባ ዋሸች ለማለትም እንደዚያው።

«አሁን እዚህ ነበር። ከዘሊካ ጋር ሲነታረክ።»

አዱኛ አንገቱን ወደ ሌላው ድስት አዞረ። ዘሊካ ጀርባዋን ሰጥታ ፍም ትቆሰቁሳለች። ዞር እንኳ ሳትል፣

«ያ ቀውላላ?» አለች። «ሥጋው አልበሰለም አለኝ። እናትህ ታብስልልህ ብዬ አባረርኩት። ሳህኑን እዚያ የወሰዳችሁት እኔን ሸሽታችሁ ነው? አምጣው ወዲህ፣ አንተ ጎጃሜ፤ አንተማ ብትለቀቅ የአሳማውንም ትቀዳለህ።»

ዙሪያውን የነበሩት ሳቁ። አዱኛም ፈገግ አለና አጥንቱን ወርውሮ ወጣ።

ሕዝቡ ሲቀንስ ባየሽ ዋሴን በርሜሉ ዘንድ አገኘችው። ውሃ የሚቀዳ መስሎ ቆሟል።

«መቼ ሄደ?»

«ትናንት ጎህ ሳይቀድ።»

«ደርሷል?»

«አላውቅም እትዬ። በየት በኩል እንደሄደ ልንገርሽ?»

«አትንገረኝ። ነገም ሳህኑን ይዘህብኝ እንዳትመጣ። አሞት ተኝቷል በል።»

«ዘሊካስ ታውቃለች?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ዘሊካ ታውቅ ነበር። ማታ ማታ ልጁ ወደ ምድጃዋ እየመጣ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ጋላባት ስለሚወስደው መንገድ ሲጠይቃት ሰንብቷል። ይህን ለባየሽ የነገረቻት ዕቃ ሲያጥቡ ነው።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለች ባየሽ።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ባየሽ አመዱን ይዛ ድስቱን ፈተገች። ምን ታደርግ እንደነበር አላወቀችውም።

በነጋታው ጠዋት፣ በየሳምንቱ እንደሚደረገው ስም ሲጠራ፣ ጀይሉ አቤት አላለም። ዋሴ አሞታል አለ፤ ማደሪያው ተፈተሸ፤ ማንም የለም። ባየሽ ሳትጠራ ሽርጧን ፈታች። መታሰሯን ስለጠበቀች ነጠላዋንና የውስጥ ልብሷን በጨርቅ ቋጠረች። አዱኛ ሲያስጠራት ቋጠሮውን ይዛ ገባች።

«ምን አስዋሸሽ?» አላት።

እሷም ይህንኑ ራሷን ጠይቃ ነበር። ልጁን አታውቀው፣ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላናገራትም።

«ትናንት ማታ ወደ በላይ መልእክት ልኬአለሁ» አለ አዱኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁሉም አሉ፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ። አንቺ እዚህ ነበር ስላልሽኝ።»

ያን ጊዜ ገባት። ዋሸች ብሎ ቢከሳት፣ ያላየውን አየሁ ብሎ የላከው እሱም አብሯት እስር ቤት ይገባል። አዱኛ ረጅም ሰው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ግን ትንሽ ሆኖ ታያት።

«ልጁ ወባ ጠንቶበት ጎንደር ሐኪም ቤት ተልኳል» አለ። «እንደዚያ ነው የምንለው። አንቺ ደግሞ ሥራው ከብዶሽ ለቀቅሽ። ዛሬውኑ።»

«እሺ ጓድ።»

«የሚጠይቅሽ ካለ?»

«ከብዶኝ ነው፤ ውሸትም አይደለም።»

አዱኛ በእጁ ሂጂ አላት።

ወደ ኮኪት የሚሄድ ተሳቢ የጎተተ ትራክተር ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ዘሊካ መንገዱ ድረስ ሸኘቻት። ነጭ ሽንኩርትና የደረቀ ባሚያ ቋጥራ ሰጠቻት፤ አልሰነባበቱም ማለት ይቻላል፣ ባየሽ ተሳቢው ላይ ስትወጣ ዘሊካ ከታች ደገፈቻት።

«ደርሷል ትያለሽ?» አለች ባየሽ ከላይ ሆና።

«አላህ ያውቃል። ቢያዝ ኖሮ ይዘውት ይመለሱ ነበር።»

«ወይም አይመልሱትም ነበር።»

ትራክተሩ ተነሣ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ሰሊጥ ተከምሮ ይደርቃል፤ ያልታጨደው ገና ብዙ ነው፤ ልጆቹ አጎንብሰው ይታያሉ፣ ፊታቸው ግን ከሩቅ አይለይም። ባየሽ ዋሴን ፈለገች፤ አላገኘችውም። ቋጠሮዋን እጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ያን የአጨዳ ወቅት ኮኪት ላይ ለቀን ሠራተኞች ስታበስል ጨረሰች፤ ስለ ልጁ የነገራት ሰው አልነበረም፣ እሷም ማንንም አልጠየቀችም።