የበርበሬ ተራ ውጤት ሲሰጥ

ዩኒቨርሲቲው «ማኅበረሰብ» ሲል እኔንም እንደሚጨምር ያወቅኩት ወንበር ስለምሸጥ ነው። ሱቄ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ፣ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጡት ሴቶች ተራ ፊት ለፊት ነው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ወንበር እሸጣለሁ። አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት መምህር ተማሪዋን አስከትላ መጣችና ከማኅበረሰቡ ጋር መወያየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔም ማኅበረሰቡ እንዲቀመጥ ወንበሮቼን ደረደርኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ተጠሪ ሆኜ ተመርጬ ነበር። ወንበር ያለው ሰው እንዴት እንደሚመረጥ ያን ቀን ገባኝ። ወንበሮቹ ግን ከዚያ ወዲህ በአዲስ ዋጋ አልተሸጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲግሪ የሚማር ልጅ ከክፍል ወጥቶ፣ ለአንድ ሰፈር የሚጠቅም ሥራ እየሠራ የሚማርበት ኮርስ አለ። ውጤት አለው፤ ያላለፈው አይመረቅም። መምህርቷ ስታስረዳን አንድ ነገር ወደድኩላት። የሚያስፈልገውን ሰፈሩ ራሱ ይናገር፣ ሥራው ማለቁንም ሰፈሩ ይናገር አለች። እርዳታ ይዘው የሚመጡትን ብዙ አይቻለሁ፤ እነሱ ሥራው ማለቁን የሚያውቁት ፎቶ ሲነሱ ነው።

ሴቶቹ መጀመሪያ ጣሪያ ጠየቁ። ቀጥሎ ሽንት ቤት። አንዷ ባል ጠየቀች። መምህርቷ ተማሪዋ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ መሆኗን፣ ሥራዋም ወገብና መገጣጠሚያ እንደሆነ ስትነግራቸው፣ የተራው ታላቅ የሆኑት፣ ሁላችንም እናቴ ለማለት «ኣደይ» የምንላቸው በርበሬ ሻጭ፣ «እንግዲያው ጉልበታችንን ትይልን» አሉ። ተስማማን።

ተማሪ ስትባል ልጅ አትምሰላችሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ከጦርነቱ በፊት ነው። ትምህርቱ ቆሞ፣ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ያለፉት ዓመታት ከዕድሜዋ ላይ ሳያስፈቅዱ ተነስተዋል። ሌላ ከተማ የተመደቡ የሰፈሯ ልጆች ተመርቀው ሥራ ይዘዋል፤ የወለዱም አሉ። እሷ «ስንተኛ ዓመት ነሽ?» ስትባል በፈገግታ ታልፈው ነበር። ይህ ኮርስ የመጨረሻዋ ነው። ካለፈች ከጓደኞቿ ጋር ትመረቃለች፤ ካላለፈች ኮርሱ እንደገና እስኪሰጥ ትጠብቃለች። መጠበቅ ደግሞ በቅቷታል።

ከምትኖርበት ከእንዳ ኢየሱስ በእግሯ ወርዳ፣ ነጭ ጋዋኗን ሱቄ ውስጥ ትለብስና ወደ ሴቶቹ ትሻገራለች። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ አጭር ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ሲነሱ አንዷ ሌላዋን በክንዷ ጎትታ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ያስተማረቻቸው መነሳትን ነበር፤ እግርን ወደ ራስ መሳብ፣ እጅን ጭን ላይ ማድረግ፣ ወደ ፊት ማዘንበል።

«ኣደይ፣ አፍንጫዎ ጉልበትዎን ይለፈው።»

«ጓለይ፣ በኔ ዕድሜ አፍንጫ የሚቀድመው ሲወድቁ ነው።»

ተራው ሁሉ ሳቀ። ወሬው በትግርኛ ነበር፤ «ጓለይ» ልጄ ማለት ነው፤ እኔ ወሎዬ ነኝና ወደ አማርኛ ሳመጣው ቀልዱ መንገድ ላይ ትንሽ ይደርቅብኛል።

ሳቁም ሥራውም ቀጠለ። ኬሻ ሲያነሱ ሆዳቸው ላይ ማስጠጋት ለመዱ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሁሉም ቆመው ይንጠራራሉ። በርበሬ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ሻጮቹን ሁሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቢያገኛቸው፣ ምህላ መስሎት ባርኔጣውን ሲያወልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምቱ ሲገባ ኣደይ ማንም ሳይጎትታቸው ይነሱ ነበር።

መምህርቷ ልትጠይቅ የመጣች ዕለት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሴቶቹ ወንበሮቼ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት ነው፣ ተማሪያችን ሥራዋን ጨርሳለች?» አለች መምህርቷ።

«ምኑን ጨረሰችው!» አሉ ኣደይ። «ጉልበቴ እንደሆነ ያው ነው። ገና ናት።»

«የኔም ወገብ» አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው ሽሮ ሻጭ። «ኧረ ጭራሽ ብሶበታል።»

«ተመልሳ ትማር» አሉ ኣደይ። ሊነሱ ሲሉ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ጎትተው አነሷቸው። በሕይወቴ የተበላሸ ዕቃ ደህና መስሎ ሲሸጥ ብዙ አይቻለሁ። ደህና ጉልበት የተበላሸ መስሎ ሲቀርብ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅቷ ጋዋኗን አውልቃ አጣጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ እንደገና አጣጠፈችው።

እኔ ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። ሱቄ ገብቶ «በጣም ያምራል፣ ተባረክ» የሚለኝ ሰው አይገዛም። የሚገዛው ሳፋውን አገላብጦ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ በጥፍር ቢነኩት የሚቀደድ» የሚለው ነው። ሴቶቹም ልጅቷን ያጣጣሏት ሊያስቀሯት ነበር። ጨረሰች ካሉ ትሄዳለች፤ አልጨረሰችም ካሉ ትደግማለች።

መምህርቷን ወደ ሱቁ ጥግ ጠርቼ ይህንኑ ነገርኳት።

«ገብቶኛል፣ ኣያ» አለችኝ። «ጠዋት ወደ ገበያው ሲገቡ ከኋላቸው ነበርኩ። ከኔ ይፈጥናሉ። ግን ማኅበረሰቡ ይናገር ብዬ ጠይቄ፣ ሲናገር የምሽረው ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ጠየቅኩ? የምጽፈው ያሉትን ነው።»

እኔ የለመድኩት፣ ሰው የሚጠየቀው መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው። ይቺ ግን የምሯን ጠይቃ ተያዘች።

ወደ ሴቶቹ ተመለስኩ። «የልጅቷን ዓመት እኮ ነው የምትበሉት» አልኳቸው።

«ስማ፣ ወዲ ወሎ» አሉኝ ኣደይ። «ስንቱ መጣ? ካናቴራ አለበሰን፣ ፎቶ አነሳን፣ ሄደ። ጉልበቴን በእጇ ይዛ ‹የቱ ጋ ነው?› ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ትመረቃለች። የኔ ጉልበትስ መቼ ነው የሚመረቀው?»

ልጅቷን ጠጋ ብዬ መከርኳት። «እየመጣሁ አያችኋለሁ በያቸው። ምን ያስከፍልሻል? እኔ ‹ነገ ይገባል› ያልኩት ዕቃ ስንቱ እስካሁን መንገድ ላይ ነው!»

«እኔም ‹በሚቀጥለው ወር ትምህርት ይጀመራል› እየተባልኩ ነው እዚህ የደረስኩት» አለችኝ። ከዚያ ሴቶቹ ፊት ሄዳ ቆመች። «ካለፍኩ ሥራ ወዳገኘሁበት እሄዳለሁ። ሽረ ይሁን አዲስ አበባ አላውቅም። እመለሳለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ካላለፍኩ ደግሞ እዚሁ ነኝ፤ እንደ በፊቱ እሠራለሁ።»

እንደ ነጋዴ አንገቴን ደፋሁ። እንዲህ እየተባለ ዕቃ አይሸጥም። አንድ አላፊ በርበሬው አስነጠሰው።

«እናት አለችሽ?» አሉ ኣደይ።

«አለች።»

«ምርቃትሽን እየጠበቀች?»

«ለምርቃቴ ብላ ያሠራችው ቀሚስ አለ። ያኔ ልኳ ነበር። አሁን ከትከሻዋ ይወርዳል።»

ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ ተራ ቀሚስ ያልወረደባት ሴት አልነበረችም።

ኣደይ እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሁለቱ ሴቶች ሊይዟቸው ሲጠጉ «ወግዱ!» አሏቸው። ተነሱ። ሄደው መምህርቷ ፊት ቆሙ።

«ጻፊ፣ መምህር። ልጅቷ ጨርሳለች። እናንተ ግን ገና ናችሁ።»

«እኛ?»

«እናንተ። ሰው አስለምዳችሁ የምትነጥቁ። እሷ ትለፍ፤ ትምህርታችሁ ይድገም።»

ሽሮ ሻጯ ስለ ወገቧ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ኣደይ ሲያዩዋት ከደነችው። መምህርቷ ሁለቱንም ጻፈች፤ የልጅቷንም የራሷንም።

ስለዚያ ቀን ብዙ አስቤያለሁ። እኔ ስሸጥ ሳፋው ይሄዳል፣ እኔ እዚያው እገኛለሁ፤ ቢሰነጠቅ ይዘውብኝ ይመጣሉ። ተማሪዎቹ ግን ዕቃውን ትተው ራሳቸው ነው የሚሄዱት። ሲሰነጠቅ ለማን ይመለሳል? መምህርቷም ይህ ሳይከነክናት አልቀረም፤ አሠራሩን ቀየረችው። አሁን አዲሱ ተማሪ የሚመጣው የፊተኛው ሳይሄድ ነው።

ልጅቷ ከምርቃቷ በፊት ተተኪዋን ይዛ መጣች። ሴት ስታናግረው መሬት መሬት የሚያይ ረጅም ወጣት ነው። ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ እያዞረች አስረከበችው፤ የኣደይን ቀኝ ጉልበት፣ የአንዷን ትከሻ። «የሽሮ ሻጯን ወገብ ደግሞ» አለችው፣ «ከምትነግርህ ግማሹን እመን።»

ተመርቃ ሄደች። እንዳለችውም አልተመለሰችም፤ ሴቶቹም አልተቀየሟትም። ልጁ እየለመደ ነው። በቀደም ኣደይን፣ ይድገም ያሉት የመምህርቷ ትምህርት አሁን አልፎ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እያየነው ነው» አሉኝ።