የዘሃራ ሳምንት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የምታውቀው እኔ ነግሬያት ሳይሆን በራሷ ላይ ስለደረሰ ነው። ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ይመስለኛል። መቅለሉም ከጥፋቴ ይቆጠር።

ሸዋ ሮቢት፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ማስታወቂያ ቤት እሠራለሁ። ባነር፣ ስቲከር፣ የሱቅ ታፔላ እናትማለን። ትልቁ ማተሚያ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ሠራተኞቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና ዘሃራ። እኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ገና አሥረኛ ክፍል የምማር፤ ዘሃራ ከካራቆሬ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ እጇ ፈጣን ልጅ። እህቶቿ ሁሉ ዓረብ አገር ሰው ቤት ገብተዋል። እሷ ግን «እኔን ይቺ ማሽን ታስቀረኛለች፣ ወላሂ» ትል ነበር።

ማሽኑን የተከለው ባለሙያ እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ የመሬቱን ሽቦ ቀብሮ፣ ቀለሙን ሞልቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ እኛ ሄድ የምንለው፣ ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም። ማታ ከመዝጋታችን በፊት የሚያርፍበትን ስፖንጅ በማጠቢያ ፈሳሽ ማራስ አለብን፤ አለዚያ ቀለሙ ውስጡ ደርቆ ያድራል። «ደብረ ሲና ቢሆን ምናልባት ይምራችሁ ነበር፤ የእናንተ ሙቀት ግን አይምርም» አለን። ባለቤቱ ጋሽ ዓለሙም መዝጋቱን በየሳምንቱ አፈራረቀን፤ አንድ ሳምንት የእኔ፣ አንድ ሳምንት የዘሃራ።

እሱ የማያውቀው ውል በመካከላችን ነበር። ሲቀጥረኝ «ተማሪ አልፈልግም፤ ተማሪ ልቡ እዚህ አይውልም» ስላለኝ ትምህርቴን ደብቄው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀወት ወዳለው የሽንኩርት እርሻው ሲወርድ እኔ ክፍል እገባለሁ፤ ዘሃራ የሁለታችንን ሥራ ትሠራለች። ረመዳን ሲገባ እኔም ብድሬን ልመልስ ፈለግሁ። «ሂጂ ከዘመዶችሽ ጋር አፍጥሪ፤ በአንቺ ሳምንትም እኔ እዘጋለሁ» ያልኳት እኔ ነኝ። አልለመነችኝም። እኔ ነኝ ያልኳት።

በዘሃራ ሳምንት አንድ ቀን፣ ሊመሽ ሲል መብራት ሄደ። መጽሐፌን ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና ዓይኔ ፊደል መለየት እስኪያቅተው አነበብኩ። ፈተናዬ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቆልፌ ሄድኩ። ስፖንጁን አላራስኩም። አመለጠኝ ብላችሁ ታምኑኝ ነበር፤ ግን እራት ላይ ትዝ አለኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ባጃጅ በደጄ ይመላለሳል። «ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል?» አልኩና ገጹን ገለጥኩ። የሰው ጽሑፍ ላይ ነጥብ ስትጎድል የሚከነክነኝ እኔ፣ ያን ዕለት ምንም አልከነከነኝም።

በማግስቱ የመጀመሪያው ባነር ሲወጣ ጥቁሩ ቀለም የለም። አጠብነው፣ ደግመን አጠብነው፤ አልተመለሰም። ባለሙያው በስልክ «በቃ ሞቷል፤ ሌላ ግዙ» አለ። ጋሽ ዓለሙ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የማን ሳምንት ነው?»

«የኔ» አለች ዘሃራ።

«ምነው፣ ሾርባው ይቀዘቅዝብኛል ብለሽ ነው?»

«ጾም ሥራ አያስረሳም ጋሼ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ምን ያህል ጠበቀችኝ? እኔ የባነር ጠርዝ እየቆረጥኩ ነበር፤ መቀሱን ከባነሩ፣ ዓይኔን ከመቀሱ አላነሳሁም። «የዘጋሁት እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይጨርሳል? ብናገር «በእሷ ሳምንት አንቺ ለምን ዘጋሽ?» ይመጣል፤ የቅዳሜዬም ምስጢር ይወጣል፤ እሱ ከወጣ ወይ እንጀራዬ ወይ ትምህርቴ ይቀራል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው ዝም ያልኩት። ደንግጬ አይደለም። እሷም ይህንኑ ታውቃለች፤ አንድ ቃል ብትናገር እኔ ነበርኩ የምወጣው። አልተናገረችም። ያን ቀን አሰናበታት። ቦርሳዋን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ «ፈተናሽን እለፊ እንግዲህ» አለችኝ።

አለፍኩ። እሷ ጂዳ ሄደች።

ጥፋቴ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ እንኳ በቂ ነበር። ግን እኔ ተማርኩ፣ ቤቱን የማስተዳደሩ ሥራም በእጄ ገባ፣ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን ጀመርኩ። ለማስፈራሪያ የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነበረኝ፦ ወደ ቤቷ ቸኩላ ሄዱን ያደረቀች፣ በዚያም ከሥራ የተባረረች ልጅ። ያለ ምንም ኀፍረት፣ አሳምሬ እነግራቸዋለሁ። ያቺን ልጅ እኔ ፈጠርኳት፤ ጥፋቴን አለበስኳትና በየዓመቱ ፊታቸው አቆምኳት።

አምና አንዲት ሴት የሱቅ ባነር ልታሠራ ገባች። ሰላምታ ሰጥታ ማሽኑ አጠገብ ቆመች። ገና በር ላይ ሳለች አውቄያት ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ታደሰ፣ ደንበኛ ማጫወት የሚወድ ሰው ነው፣ ሥራዋን ማሽኑ ላይ ለቀቀና ወሬውን ጀመረ።

«እህቴ፣ ብዙ አትጠጊያት፤ ይቺ ከኔ ሚስት በላይ ታኮርፋለች። ዱሮ አንዲት ሰነፍ ልጅ ሳታርሳት ሄዳ ገድላታለች አሉ።»

«አባረሯት?»

«ታዲያ ሊሸልሟት ኖሯል?»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ስሟ ማን ነበር?»

«እኔ አልደረስኩባትም። እትዬ አስካለ ታውቃለች» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነበር ስሟ፣ እትዬ?»

ማሽኑ እያተመ ነበር። «ዘሃራ ልብስ ስፌት፣ ካራቆሬ» የሚለው ጽሑፍ በትልልቁ፣ ዓይኔ ሥር እየወጣ ነው።

«ረሳሁት» አልኩ።

እሷ ባነሩ ሲያልቅ አጎንብሳ ጥቁሩን ከዳር እስከ ዳር መረመረች። «መስመር የለውም። ሄዱን በደንብ ይዛችሁታል» አለች።

«ሥራውን ታውቂዋለሽ እንዴ?» አላት ታደሰ።

«ትንሽ» አለችና ከፍላ ወጣች።

በር ድረስ እንኳ አልሸኘኋትም። ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ካራቆሬ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ሲሞላ ይሄዳል። ጋሽ ዓለሙም በሕይወት አለ፤ ሽንኩርቱን ሸጦ ሲመለስ ሻይ አብረን እንጠጣለን። ታደሰ ደግሞ አጠገቤ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ደንበኛ ያንኑ ታሪክ ሲያወራ ሰማሁት። «ሰነፍ ልጅ» ሲል ቀና አልኩ፤ አፌንም ከፈትኩ። «ታደሰ፣ የሰውዬው ባነር እንዳይጨማደድ» አልኩት።