ዲስኩ ሳይቆም

ሰፈሩ አንዳይኔ ይለዋል። ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ናቸው። ስሙ የወጣለት ቀኑን ሙሉ ግራ ዓይኑ ላይ ማጉሊያ ሰክቶ ስለሚውል ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ሳያወልቀው ቀና ስለሚል፣ ያ አንድ ግዙፍ ዓይን ያፈጠጠባቸው ሕፃናት እናታቸው ጀርባ ይሸሸጋሉ። ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጧል።

የተበላሸ ሰዓት ሲመጣለት ቶሎ አይከፍተውም። መጀመሪያ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያዳምጣል። ከዚያ «ዘንጉ ተበልቷል» ወይም «ዘይቱ ደርቋል» ይላል፤ ሲከፍተውም አብዛኛውን ጊዜ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የቤታቸው ኮምፒውተር መታመሙን ከሁሉ ቀድሞ የሰማው እሱ መሆኑ አያስገርምም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከብረት ሣጥኑ ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወጣ፣ ጸጥ አለ፣ ቆይቶ እንደገና «ጠቅ» አለ። የእጅ ሰዓቱን አየ። በሁለቱ መካከል አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል። ቀጣዩ የመጣው ግን በዘጠነኛው ደቂቃ ነው። ምቱ የተዛባ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ያውቃል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሶኬቱን ነቀለው።

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የሚስቱ ድምፅ ነበር።

ሚስቱ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ስትመለስ ማይክሮፎኑ ፊት እየተቀመጠች የስምንተኛ ክፍልን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብባ ቀድታለች፤ አሥራ አራት ምዕራፍ፣ ሠላሳ ሰዓት የሚሞላ ንባብ። መጨረሻዎቹ ምዕራፎች ላይ ድምፅዋ ይሻክር ጀመር። ጉንፋን ነው ተባለ፣ አለርጂ ነው ተባለ፣ በኋላ ጉሮሮዋ ውስጥ እባጭ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። እባጩ ክፉ አይደለም ተብሏል። ሐኪሙ ግን ለሁለት ወር መናገር ቀርቶ ማንሾካሾክ እንኳ ከልክሏታል። «ድምፅሽ ይመለሳል» አላት፤ «የድሮው ይሁን አይሁን ግን ቃል አልገባልሽም።» የተማሪዎቿ ፈተና ደግሞ የቀረው አንድ ወር ነው። ንባቡ በዲቪዲ ዲስክ ተገልብጦ ለትምህርት ቤቱ ማጫወቻዎች መድረስ አለበት። ሌላ ቅጂ የለም። ፍላሽ የሚሏት ጣት የምታህል ዕቃ አንዱን ምዕራፍ እንኳ አትችልም፤ ኮምፒውተሩም ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ስለሆነ፣ የዲስክ ማስገቢያው ቦታ በፕላስቲክ ክዳን የተደፈነ ነው።

ስለ ሰኞው ለሚስቱ ያልነገራት ነገር አለ። ኮምፒውተሩን የከፈተው ሥራ ኖሮት አልነበረም። እሷ ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ምዕራፍ ሦስትን እየሰማ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በየቀኑ እንዲህ ሲያደርግ ቆይቷል። ንባቡ የተቀመጠበትን ሃርድ ዲስክ ያደከመው ይኸው ይሆን?

የነገራት «ዲስኩ ልቡ ይዘላል፤ ማንም እንዳይከፍተው» ብቻ ነው። እሷም አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ትንሽ ደብተር «ታዲያ የኔ ሐኪም ጋ እንውሰደዋ» ብላ ጻፈችና አሳየችው። ፊቷ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት፣ ንባቡን ወደ ዲቪዲ የሚገለብጥ ራይተር ፍለጋ የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጥበት መንገድ ሄደ። በኪሱ አንድ ወረቀት ይዟል። የኮምፒውተሩን ሆድ በባትሪ እያየ፣ ከሃርድ ዲስኩ የሚነሣውን ጠፍጣፋ ሰፊ ገመድ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ባዶ መሰኪያ፣ የመሰኪያውንም ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ሥሎበታል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሻጭ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

«ጋሼ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ቆጥረው ነው የመጡት?»

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አንዱ ድፍን ነው።»

«እኔ ስድስት ዓመት ስሸጠው ቆጥሬው አላውቅም።» ሻጩ ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ካርቶን አወረደ። «ይኼ አዲስ ዲቪዲ ራይተር ነው፣ ፈጣን ነው። ግን ቀጭን ገመድ ነው የሚፈልገው፤ የእርስዎ ኮምፒውተር አያውቀውም። ከውጭ የሚሰካ ዓይነት ይሻልዎት ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።»

«ሁለት ሳምንት አይቆይም።»

«ማን?»

«ዲስኩ።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን ያምጡልኝና እዚሁ ልግጠምልዎት።»

«በታክሲ እየነጠረ መጥቶ? የምትረከበው ሬሳውን ነው።»

ሻጩ ሳቀ፤ ሰውዬው እንዳልሳቀ ሲያይ ተወው። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አቧራ የለበሰ ራይተር አወጣ። «ያገለገለ ነው። ከቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው የፈታሁት። ገመዱ ግን ልክ የእርስዎ ነው።»

አንዳይኔ ከዕቃው ጀርባ ያሉትን እሾሆች ቆጠረ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ላይ እንዲሰካለት ጠየቀና፣ ትሪው ሲወጣና ሲገባ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ ሰዓት አይደለም እኮ!»

«የሚሽከረከር አይደል እንዴ?»

«ይሽከረከራል።»

«እንግዲያው ተወኝ ልስማው።»

ሦስት ጊዜ ሰማው። ትሪው ትንሽ ይንቀራፈፋል እንጂ ዘንጉ ጤነኛ ነው። እሱኑ መረጠ። ሻጩ ሊያሽግለት ሲል ከራይተሩ ጀርባ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ በጉጠት ነቅሎ ቦታዋን አዛወረ። ምን እንዳደረገ አልተናገረም፤ ሌላ ደንበኛ እየጠራው ነበር። «በዝግታ ይጻፉበት» ብቻ አለ። «ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት። ባዶ ዲስክም አሥር ይያዙ፤ ሦስቱ ይበላሻሉ ብለው ያስቡ።»

ከምሳ በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ ዘረጋ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ የወደቀ ብሎን ስለማይጠፋ ልማዱ ነው። ሚስቱ ባትሪውን ይዛ በስተቀኙ ቆመች። ታናሽ እህቷም መጣች። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜ ልኳን ከስፌት መኪና ድምፅ በላይ ስትጮህ ስለኖረች፣ መኪናው በሌለበትም ትጮኻለች። የአንዳይኔ ትልቁ መፍቻ የፕላስቲክ ክዳኑን ከያዘው ብሎን ጋር ሲተያይ ትንሽ ሆኖ ተገኘ።

«ወንድምዓለም፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ነው የምትፈታው?» አለችው። ወዲያው ቤቷ ሮጣ የስፌት መኪናዋን መፍቻ አመጣች፤ እሱ ልክ ሆነ።

ክዳኑ ተነሣ። ራይተሩ በባዶው ቦታ እስከ መጨረሻው ገባ። ገመዱን ከመሰካቱ በፊት ግን አንዳይኔ ማጉሊያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጀርባውን ተመለከተ። ሦስት ጥንድ አጫጭር እሾሆች አሉ፤ ያቺ ጥቁር ፕላስቲክ የመሃሉን ጥንድ አቅፋለች። ሃርድ ዲስኩ ጀርባም እንደሷ ያለች ፕላስቲክ አለች፤ ያቺኛዋ ያለችው ግን ዳር ላይ ነው። በሱ ሥራ፣ ጎን ለጎን የሚገቡ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች በአቀማመጥ ከተለያዩ አንዱ ስቷል ማለት ነው፤ የሚታመነውም ሲሠራ የኖረው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አዲሱን በነባሩ ሲያቃና ኖሯል። ሻጩ ሲቸኩል ያሳታት መሰለው። በጉጠቱ ነቅሎ እሷንም ዳር አስቀመጣት። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ደስ አለው።

ሶኬቱን ሰካና ከፈተው።

ማራገቢያው ዞረ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት ወጡና እዚያው ቆሙ። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አነበበች። ደብተሯን ስታነሣ እርሳሱ ከእጇ ወደቀ፤ አንሥታ ጻፈች፦ «ዲስክ አልተገኘም ይላል።»

አጠፋው። ገመዱን ተጭኖ እንደገና ከፈተው። አልተገኘም። ሦስተኛ ጊዜ ከፈተው፤ ወዲያውም ተጸጸተ። ለታመመ ዲስክ እያንዳንዱ መነሣት ከቀረው ዕድሜ የሚቀነስ መሆኑን ያውቃል፣ እሱም ሦስቱን በከንቱ አቃጥሏል። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ። ከሰኞ ጀምሮ ያስጨነቀው ጠቅታ የለም። አሁን ቢሰማው በወደደ።

«ገደልከው እንዴ?» አለች እህትየው።

ሚስቱ በትልልቅ ፊደል ጻፈችላት፦ «ዝም በይ። እኔ እንኳ ዝም ብያለሁ።»

አንዳይኔ በእህትየው ስልክ ሻጩ ጋ ደወለ። የሆነውን ነገረው። ሻጩ እስከ መጨረሻው ሰማውና፣

«ጥቁሯን ፕላስቲክ ነክተዋታል?» አለ።

«አስተካክያታለሁ።»

«ምን አድርገው?»

«ዲስኩ ላይ እንዳለችው። አመሳሰልኳቸው።»

«ጋሼ! ሁለት ሾፌር አንድ መሪ አስያዙ እኮ! አንድ ገመድ ላይ ናቸው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ረዳት ይሆናል። መሃል ማለት ረዳት ማለት ነው፤ እኔው አስተካክዬልዎት ነበር።»

«አልነገርከኝም።»

«ይነካታል ብዬ መች አሰብኩ? ዕቃ በጆሮው የሚገዛ ሰው!»

«ዲስኩ ሞቷል?»

«መልሰው ይዩታ።»

«አልሞተም በለኝ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ሆኜ እንዴት ልበልዎት?»

ስልኩን ለእህትየው መለሰና ጉጠቱን አነሣ። በሴት ሰዓት ውስጥ ፀጉር የሚያህል ምንጭ ሲያስገባ አምልጦት አያውቅም። አሁን ግን ፕላስቲኳ ሁለት ጊዜ አመለጠችውና አንሶላው ላይ ወደቀች። ሚስቱ ባትሪውን ለእህቷ ሰጠች፣ በሁለት እጇ አንጓውን ያዘችለት። በሦስተኛው ገባች፤ መሃል።

ከፈተው። ፊደላቱ ወጡ፣ አለፉ። የለመዱት ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ከሣጥኑ ውስጥ «ጠቅ» አለ፤ እህትየው በደስታ ስትጮህ እሱ ሰዓቱን እያየ ነበር። ቀጣዩ ከሰባት ደቂቃ በኋላ ነው።

«ከየቱ እንጀምር?» አለ።

ሚስቱ ለፈተናው ይበልጥ የሚያስፈልጉትን ቅደም ተከተል በደብተሯ አሰፈረች። ምዕራፍ ሦስት ከታች ነበር። አንዳይኔ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየው። እንዳዘዘችው ጀመረ።

የመጀመሪያው ዲስክ በዝግታ ተጻፈ። ሦስቱም ወንበር ስበው የምታድገዋን አረንጓዴ መስመር ያዩ ነበር። ሁለተኛው ዲስክ ግማሽ ላይ ተበላሸና እንደገና ተጀመረ። በየመሃሉ ጠቅታው ስድስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ሆነ። እህትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከምጥ ይብሳል» አለች፤ ዝቅ ያለው ድምፅዋ ሌላው ሰው የሚናገርበትን ያህል ነው። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ላይ ምዕራፍ ዘጠኝ አልነበብ አለ። መስመሯ ቆመች፣ ሃርድ ዲስኩ ያለማቋረጥ ይንኳኳ ጀመር። አንዳይኔ ዘጠኝን አውጥቶ ሌሎቹን ብቻ አስጻፋቸው፤ ምዕራፍ ሦስት ከነሱ ጋር ነበረ። ገቡ። ዘጠኝን ብቻውን ሊሞክር ሲመለስ ከውስጥ አንድ ረጅም የመፋቅ ድምፅ ተሰማ፤ መሽከርከሩም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ይህን ድምፅ ለማወቅ ማጉሊያ አላስፈለገውም።

ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሦስት ምዕራፍ የያዙ ሦስት ዲስኮች አሉ። እህትየው ቤት ባለው የዲቪዲ ማጫወቻ አንድ በአንድ ተሞከሩ። የሚስቱ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሲወጣ አንዳይኔ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷ ግን የምታየው ደብተሯን ነበር። «ዘጠኝ ማግኔት ነው» ብላ ጻፈች። «ከማግኔት ሁለት ጥያቄ አይቀርም።»

«እታለም፣ እኔ አነብልሻለሁ» አለች እህትየው። የካሴት ቴፗንም አውጥታ አቧራውን ጠረገች፤ ትምህርት ቤቱ ካሴትም ያጫውታል።

«ቴፑ ይፈነዳል» ብላ ጻፈች ሚስቱ። ከዚያ መጽሐፉን አንሥታ ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

«እኔ?» አለ። «ከተማሪ ቤት ወዲህ እኮ ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ልጆቹ ያንቺን የለመዱ ናቸው፤ የኔን ሲሰሙ ምን ይላሉ?»

እሷ በእርሳሷ የመጀመሪያውን ገጽ ይዛ፣ ቆም የሚባልበት ቦታ ሁሉ ላይ አጭር ሰረዝ አደረገች።

የመቅጃው ቁልፍ ተጫነ። «ምዕራፍ ዘጠኝ» አለና ድምፁ ሰለለ። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው አንድ መስመር ዘለለ። በሦስተኛው ቸኮለ፤ ሚስቱ በመዳፏ አየሩን ወደ ታች ገፋ አደረገችለት። በአራተኛው እህትየው አስነጠሰችና ራሷ ወደ ደጅ ወጣች። በአምስተኛው ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በስድስተኛው ከሰረዝ ሰረዝ እያለፈ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ደረሰ። ገና ሃያ ሁለት ገጽ ይቀራል። ቴፑ እየዞረ ነው። ሚስቱ የወረቀቱን ጥግ በሁለት ጣቷ ያዘችና፣ ድምፁ ካሴቱ ላይ እንዳይገባ ቀስ አድርጋ ገለጠችለት።