የአቶ አግማስ የኮምፒውተር ዘበኛ

ደሴ ፒያሳ ላይ የጽሕፈት አገልግሎት የነበራቸው አቶ አግማስ ጥንቃቄ ሲታደል ከፊት የተሰለፉ ሰው ነበሩ። ደንበኛ ያመጣውን ፍላሽ አልኮል በነካ ጥጥ ሳይጠርጉ ኮምፒውተራቸው ላይ አይሰኩም። «ቫይረስ ነው፤ ቀልድ አይደለም» ይላሉ። ባለቤታቸው እቴነሽ «ጓንትም አድርግ እንጂ!» ብላ ብትስቅባቸው አልሰሟትም።

እንዲህ ያለውን ሰው ማታለል ከባድ ይመስላል። ግን የሚያስፈራራቸው ከተገኘ ግማሹን መንገድ ራሳቸው ይሄዱለት ነበር።

ሚሌኒየሙ አልፎ ኢንተርኔት ባስገቡ ሰሞን፣ ለሠርግ ጥሪ የሚሆን የአበባ ሥዕል ሲፈልጉ ድንገት ቀይ ጋሻ ያለበት መስኮት ብቅ ብሎ ይጮህ ጀመር። እንግሊዝኛቸው ከትየባ ብዙም ባያልፍም «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» ማለቱ ገባቸው። ሳያመነቱ «እሺ» የሚለውን ተጫኑ። ጋሻው ተጭኖ መፈተሽ ያዘና ወዲያው በመቶ የሚቆጠር ቫይረስ አገኘ። ሌላ ሰው ይደነግጥ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«እቴነሽ! ነይ እዪው፤ አላልኩም?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሻው የቤቱ ጌታ ሆነ። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሁሉ ፍተሻው እስኪያልቅ ደጅ ይጠናል። አቶ አግማስ ደግሞ ደግ ሰው ናቸውና ፕሮግራሙን በሲዲ ገልብጠው ለወዳጅ አደሉ። አንዱን ሲዲ ለሥርጉት ላኩላት፤ ኮምቦልቻ የአንድ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ናት፤ የመዘምራኑን መዝሙር የሚተይቡላት እሳቸው ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሻው ቫይረሱን ለማጽዳት ክፍያ እንደሚፈልግ ገልጾ «የካርድ ቁጥርዎን ያስገቡ» አለ። አቶ አግማስ የሚያውቁት ካርድ አንድ ነው። የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥተው ቁጥሩን ጻፉ። «ልክ አይደለም» አላቸው። መታወቂያውን ገልብጠው ሲያዩት ለካስ ጊዜው አልፏል። ነገሩ ገባቸው፤ እንዲያውም የጋሻውን ንቃት አደነቁ። በማግስቱ ቀበሌ ሄዱ።

«ለምን ጉዳይ ፈለጉት ጋሼ?» አለቻቸው የመታወቂያ ክፍሏ ጽናት።

«ለጥበቃ።»

ዘበኛ ሆነው ሊቀጠሩ መስሏት አዘነችላቸውና ቶሎ አደሰችላቸው። አዲሱን ቁጥር ቢያስገቡም ጋሻው አሁንም «ልክ አይደለም» አለ። አቶ አግማስ በጋሻው ሳይሆን በቀበሌው ተቀየሙ።

በሳምንቱ ግን የሚጽፉበት ፕሮግራም ራሱ አልከፈት አለ። ሊከፍቱት በሞከሩ ቁጥር ጋሻው «በቫይረስ ተይዟል» እያለ ይዘጋባቸዋል። ያኔ ሲፒዩውን በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ወርደው፣ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ጠጋኙ በሽር ዘንድ ደረሱ።

በሽር ገና ሲያበራው ሳቁን ዋጠ። ከነማሸጊያው ያለ አዲስ ፍላሽ ቀዶ ሰካና ጋሻውን ፈትሽ አለው። ጋሻው ፍላሹ ውስጥ ቫይረስ በቫይረስ ላይ አገኘ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፍላሽ ባዶ ነው። ከባዶ ቤት ሌባ የሚያወጣ ዘበኛ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው?»

«ምናልባት የእኛ ዓይን የማያየውን...»

«ወላሂ ቫይረሱ ራሱ ነው! ሳይጠሩት መጣ፣ ሳይፈትሽ ጮኸ፣ ይክፈሉ አለ፣ ከዚያ ሥራ ከለከለዎት። እውነተኛው አንቲቫይረስ እንዲህ አያዋክብም። ካርድ ያለውም የባንክ ካርድ ነው።»

የባንክ ካርድ እንኳን አቶ አግማስ ጎረቤታቸውም የለውም። ከባሕር ማዶ ሆኖ ወጥመድ የዘረጋው አጭበርባሪ ከደሴ ያተረፈው አንድ የታደሰ መታወቂያ ብቻ መሆኑ ነው።

«አብሽሩ፣ ይወጣል» አለ በሽር። የኢንተርኔቱን መስመር ሳይሰካ፣ ኮምፒውተሩን ዊንዶውስ ብቻውን በሚነሣበት በሴፍ ሞድ አስነሣው፤ በዚያ በኩል ጋሻው መነሣት አልቻለም። ከተሸሸገበት ፎልደር አጠፋው፤ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ያወረደውን እውነተኛ አንቲቫይረስ በፍላሽ አምጥቶ ጫነና ሁሉንም እንደገና ፈተሸ። «ዳግመኛ እንዲህ ያለ መስኮት ከመጣ እሺም እምቢም አይበሉት። ውስጡ ያለው ቁልፍ ሁሉ የእሱ ነው። መስመሩን ነቅለው ኮምፒውተሩን ያጥፉት።»

ያደሉትን ሲዲ መሰብሰብ ግን የአቶ አግማስ ዕዳ ሆነ። በዚያው ሥርጉት ቢሮ ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ቢነግሯት እሷ ቅር አላት።

«ይቆይልኝ ጋሼ። እሱ ከመጣ ወዲህ ሽማግሌዎቹም መዘምራኑም ኮምፒውተሬን ፈርተው አይነኩብኝም።»

«ልጄ፣ ውሸታም እኮ ነው!»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጣ ለውሸታም መከራከሩ ስላሳፈራት በሽርን አስጠርታ አስጠፋችው።

አቶ አግማስ አሁን ደህና ጠባቂ አላቸው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል፤ አይጮኽም። ይሄ ነው ያላማራቸው። በየሳምንቱ ለበሽር ይደውላሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ያንተው ምንም አይናገርም። ተኝቶ ይሆን እንዴ?»